በቤታችን የነበሩት ሁለት ሕመምተኞች

በቋንቋችን የልብ ስሜት ያለ ሥጋ አይነገርም። ያዘነ ሰው አንጀቱ ያርራል፤ የተቀየመ ሰው ሆዱ ይብሰዋል፤ የፈራ ሰው ሐሞቱ ይፈስሳል፤ ልጅ ያስቸገረው ወላጅም ጨጓራዬ ተላጠ ይላል። እኔ በትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ይህን ሁሉ «የአነጋገር ፈሊጥ» ከሚል አርእስት በታች በሰሌዳ ላይ እደረድረው ነበር እንጂ፣ የሰው ሐሳብ በእርግጥ ወደ ሥጋው ዘልቆ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህን ነገር ያስተማረኝ በባለቤቴ ክንድ ላይ የነበረ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል አንድ ቁስል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበረ። እናቴ ሰማንያ ዓመት ካለፋት በኋላ የመርሳት በሽታ ያዛት። አስቀድማ ቁልፍ ያኖረችበትን ስፍራ ረሳች፤ ቀጥላም ዕለቱንና በዓሉን፤ በመጨረሻም የእኔን ስም። ሐኪም ዘንድ አደረስናት፤ ጠበልም አደረስናት። ሐኪሙ የሕመሙን ስም ከነገረን በኋላ፣ ከሥሩ ነቅሎ የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ እንዳልተገኘ ሳይደብቅ ገለጸልን። ከዚያ ወዲህ እናቴ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረች። «ከእኛ ጋር» ማለቴ ግን እውነቱን ለመሸፈን ነው፤ የኖረችው ከባለቤቴ ጋር ነው። እኔ ጧት በአንድ ሰዓት ከቤት እወጣለሁ፤ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት እመለሳለሁ፤ ከተመለስሁም በኋላ የተማሪዎች ደብተር ይጠብቀኛል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሰበካው ጉዳይ አለ፤ የማኅበሩ ጽዋ አለ፤ ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያት አይጠፋም።

እናቴ ቀን ታንቀላፋለች፤ ሌሊት ግን ትነቃለች። በሰባት ሰዓት ገደማ ከአልጋዋ ወርዳ የደጁን መዝጊያ እየነቀነቀች «ላሚቱ ሳትታለብ ልታድር ነው፤ ልቀቁኝ፤ ወደ ቤቴ ልሂድ» ትላለች። ላሚቱ ከሞተች አርባ ዓመት ሊሆናት ነው። ባለቤቴም ተነሥታ «እሺ እማማ፣ ታልባለች፤ ወተቱም ተቀምጧል» እያለች ታባብላታለች፤ ልብሷም ረጥቦ እንደ ሆነ ትለውጥላታለች። እናቴ በሟች እኅቷ ስም ነበር የምትጠራት፤ አንዳንድ ጊዜም «ይህች ሌባ» ብላ ትገፈትራታለች። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ እተኛ ነበር። ባለቤቴ «አንተ ነገ ልጆች ታስተምራለህ፤ ተኛ» ስትለኝ እሺ ብዬ ተኛሁ፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅም እንዲሁ ተኛሁ።

በዚህ መካከል አንድ ቀን እንጀራ ስትጋግር የምጣዱ ጠርዝ ክንዷን አቃጠላት። ትንሽ ነገር ነበረ። እኔም ስለ ቁስል ባለሙያ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ በልጅነቴ በቅኔ ቤት ሳለሁ ስለ ቁራሽ እንጀራ በየደጁ ስዞር ውሻ ያልነከሰው እግር አልነበረኝምና፣ ቁስል በስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ በስንት ቀንም ቅርፊቱን እንደሚጥል ከማንም አልማርም። የባለቤቴ ቁስል ግን በሁለተኛው ሳምንት አልደረቀም፤ በአራተኛውም አልደረቀም፤ ደረቀ ሲባል እንደ ገና ይረጥባል። «ውኃ ስለምታስነኪው ነው» አልኋት። እውነትም ታስነካው ነበር፤ የእናቴን አንሶላ በየቀኑ የሚያጥብ ሌላ ሰው አልነበረምና። ይህን ግን ያን ጊዜ አላሰብሁትም። እንዲያውም ለራሷ ቸልተኛ ናት ብዬ ተቆጣኋት።

ስድስተኛው ሳምንት ሲያልፍ የስኳር በሽታ ይሆናል ብለን ፈርተን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድን። ደሟ ተመረመረ፤ ስኳር አልተገኘባትም። አንዲት ወጣት ነርስ ቁስሉን አጥባ ከሸፈነች በኋላ ፊቷን ትክ ብላ አየቻትና «እናቴ፣ የሌሊት እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቴ «እንቅልፍ?» አለችና ሣቀች። ሣቋም ሳይቆይ ልቅሶ ሆነ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ፣ ነርሷ ለጠየቀችው ጥያቄ መልሱን እንደማላውቅ ተረዳሁ። በአንድ ጣራ ሥር ሃያ ዓመት አብሬያት የኖርሁ ሰው፣ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኛ አላውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ለአንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ ሐኪም ለሆነው፣ አጫወትሁት። «መምህር፣ ይህ እኮ ተለክቷል» አለኝ። የሰው ጭንቀት በቁስል ላይ ይለካል ቢባል ማን ያምናል? እርሱ ግን በሳምንቱ ወረቀቶቹን አሳትሞ አመጣልኝ፤ ያልገባኝንም በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ተራው የእርሱ ሆነና። ከእነዚያ ወረቀቶች ያገኘሁትን ለአንባብያን ባካፍል መልካም መሰለኝ። የውጭ ሀገር ዓመታትን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ሊቃውንት አብረው ይመራመሩ ነበር፤ ሚስቲቱ ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘር የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ባሏ ሮናልድ ግሌዘር ደግሞ የቫይረስና የሰውነት መከላከያ ኃይል ተመራማሪ። እነርሱና ባልደረቦቻቸው በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ የመርሳት በሽታ የያዘው ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን፣ በዕድሜና በቤተ ሰብ ገቢ ከሚተካከሏቸው ከማያስታምሙ 13 ሴቶች ጋር አስተያዩ። በሁሉም ክንድ ላይ በሐኪም መሣሪያ 3.5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ቁስል አበጁ። ከዚያም ቁስሉን ፎቶግራፍ እያነሡ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባለውንም ፈሳሽ እያንጠባጠቡበት ተመለከቱ፤ ይህ ፈሳሽ ያልዳነ ቁስል ሲነካ አረፋ ያወጣል፤ የዳነ እንደ ሆነ ግን አረፋ የለውም። የማያስታምሙት ሴቶች ቁስል በአማካይ በ39.3 ቀን ዳነ፤ የአስታማሚዎቹ ግን 48.7 ቀን ፈጀ። የዘጠኝ ቀን ልዩነት ነው።

በእውነቱ እኔን ያስደነገጠኝ ቍጥሩ አይደለም። እነዚያን 13 ሴቶች በዐይነ ኅሊናዬ አየኋቸው፤ ሀገራቸውና ቋንቋቸው ሌላ ሆኖ ሳለ በሌሊት መዝጊያ ሲነቀነቅ የሚነሡ፣ የረጠበ አንሶላ የሚለውጡ፣ በሌላ ሰው ስም የሚጠሩ ናቸው። ከእነርሱም አንዷ በእኔ ቤት ነበረች።

አሁን ደግሞ ሐሳብ ወደ ሥጋ የሚገባበትን መንገድ እንይ። ከኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ እጢዎች አሉ። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲጨነቅ ከአንጎል ትእዛዝ ይደርሳቸዋል፤ እነርሱም ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ሐንስ ሴልየ የተባለው ሊቅ በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ሆኖ በ1936 እንዳስታወቀው፣ ልዩ ልዩ ሥቃይ በደረሰባቸው አይጦች ላይ፣ የሥቃዩ ዓይነት ቢለያይም፣ አንድ ዓይነት ምልክት ታየ፤ እነዚህ እጢዎች ያብጣሉ፤ ታይመስ የሚባለው ነጭ የደም ሕዋሳት የሚሰለጥኑበት ክፍል ይኮማተራል፤ ጨጓራም ይቆስላል። ጨጓራዬ ተላጠ ባዩ ሰው ከሴልየ በፊት ነበረ፤ ዳሩ ግን አልለካውም።

ኮርቲሶል በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ያለ እርሱ መኖር አይቻልም። ሥራው እንደ ክተት አዋጅ ነው። ጠላት ድንበር ሲጥስ ነጋሪት ይጎሰማል፤ ባላገሩም ሞፈሩን ጥሎ ጋሻውን አንሥቶ ይዘምታል። ዘመቻው በአጭር ጊዜ ቢያበቃ ሀገር ይድናል፤ ባላገሩም ተመልሶ ያርሳል። ዘመቻው ግን ክረምቱን አልፎ ዓመት ቢቆይ፣ ጠላት ባይመጣ እንኳ እርሻው ዳዋ ይለብሳል፤ ጎተራው ይራቆታል። ሥጋችንም እንዲሁ ነው። የአንድ ሰዓት ድንጋጤ መከላከያውን ያነቃቃዋል እንጂ አይጎዳውም፤ ማብቂያው የማይታወቅ ጭንቀት ግን የጥገናውን ሥራ ያስተወዋል። ቁስል ሲጀምር የሚታየው መቅላትና ማበጥ የጥገናው መጀመሪያ ነው፤ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ተጠራርተው ወደ ስፍራው ይከማቻሉ። ኮርቲሶል ደግሞ ይህን ጥሪ ዝም ያሰኛል። በዚያ በኦሃዮው ጥናት የአስታማሚዎቹ ደም በተመረመረ ጊዜ፣ ነጭ የደም ሕዋሳታቸው ከእነዚህ የጥሪ ድምፆች አንዱ የሆነውን ኢንተርሊውኪን-1 ለማውጣት የሚሰጡት ምላሽ ከሌሎቹ ሴቶች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እኔ መምህር ነኝና ከወረቀቶቹ መካከል አንዱ ለብቻው ወቀሰኝ። በ1998 የታተመ ነው። 11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላንቃቸው ላይ ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ትንሽ ቁስል ተደረገላቸው፤ አንዱ በዕረፍታቸው ወራት፣ ሁለተኛው ፈተና ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው። የፈተናው ጊዜ ቁስል በ40 በመቶ ዘግይቶ፣ በአማካይ ሦስት ቀን ጨምሮ ዳነ። ከ11ዱም አንድ ስንኳ በዕረፍቱ ጊዜ ባሳየው ፍጥነት በፈተናው ጊዜ የዳነ አልነበረም። እነዚህ ወጣቶች ናቸው፤ ያዘኑም የተቸገሩም አይደሉም፤ ፈተና ብቻ ነው የጠበቃቸው። እኔ ግን የሀገር አቀፍ ፈተና ሲቃረብ ከክፍሌ ግማሹ ሲያስል፣ አንዱ ራሱን ሌላው ሆዱን ሲያመው፣ «የፈተና በሽታ» እያልሁ ስቀልድ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ።

ስለ ሳል ካነሣን ስለ ጉንፋንም አንድ ነገር ልበል። ጉንፋን ሲይዘን ብርድ መታኝ እንላለን፤ አንዳንዱም ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ያሻል። ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ ግን በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝ ሀገር በሳልስበሪ በነበረ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ 394 ጤነኛ ፈቃደኞችን ሰብስበው፣ አስቀድመው በጥያቄ የእያንዳንዱን ጭንቀት መጠን መዘገቡ፤ ቀጥሎም ከአምስት ዓይነት ቫይረሶች አንዱን በአፍንጫቸው አንጠባጠቡላቸው። ጭንቀታቸው ዝቅተኛ ከሆኑት መካከል ቫይረሱ የያዛቸው 74 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከፍተኛ ከሆነባቸው ዘንድ ወደ 90 በመቶ ደረሱ፤ በግልጽ ጉንፋን የታመሙትም ከ27 በመቶ ወደ 47 በመቶ ወጡ።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ቫይረሱ ለሁሉም ተሰጥቷል፤ ጭንቀት ቫይረስ አይወልድም፤ የሳንባ ነቀርሳንም ያለ ባክቴሪያው አያመጣም። ብዙ ዘመን ሐኪሞች ሳይቀሩ የጨጓራ ቁስል ከሐሳብ ብዛት ነው ይሉ ነበር። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራልያ ሐኪሞች በ1982 ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ በሰው ጨጓራ ውስጥ ለይተው አገኙ፤ አብዛኛው የጨጓራ ቁስልም ከእርሱ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን መሆኑ ስለ ታወቀ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ስለዚህ የታመመን ሰው «አንተ ሐሳብ ስለምታበዛ ነው» ማለት፣ መድኃኒቱንም ማስጣል፣ ከዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ከርኅራኄም ማነስ ነው። በሽተኛው ከበሽታው በላይ ወቀሳ ይሸከማልና። እኔም በባለቤቴ ላይ ያደረግሁት ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ እርሷን የወቀስኋት ስለ ውኃው ነበር እንጂ።

ነገሩ ከአንድ ቤት ክንድና ከአንድ ቤት ቁስል አልፎ የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነው። እነዚያው ባልና ሚስት ሊቃውንት በ1996 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ የመርሳት በሽታ የያዘውን የትዳር ጓደኛ የሚያስታምሙ 32 ሰዎችንና የማያስታምሙ 32 ሰዎችን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አስከትበው ነበር፤ የአስታማሚዎቹ ሰውነት ለክትባቱ የሰጠው ምላሽ ከሌሎቹ ደካማ ሆኖ ተገኘ። መንግሥት ለሁሉ እኩል ክትባት ቢያድል፣ የደከመው ሰው ከእኩሉ መርፌ እኩል ጥቅም ላያገኝ ይችላል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሰዎች በዓለም ከ55 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር፤ ከ60 በመቶ የሚበልጡትም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች የሚኖሩ ናቸው። እነርሱን ከማስታመም ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። የጤና መዝገብ ሕመምተኛውን ይቈጥራል፤ ደጁን ይዛ የምታድረውን አይቈጥርም። እኔም በቤቴ ያሉትን ሕመምተኞች ስቈጥር አንድ ብቻ ነበር የማገኘው።

ተማሪዬ ካመጣልኝ ሁሉ በመጨረሻ ያነበብሁት በ1999 የታተመውን ነው። በአሜሪካ በዕድሜ የገፉ ባለትዳሮችን አራት ዓመት ተከታትለው ሲያበቁ፣ የትዳር ጓደኛቸውን እያስታመሙ ሸክሙ የከበዳቸው ሰዎች፣ ከማያስታምሙት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ። እያስታመሙ ግን ያልከበዳቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየባቸውም። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የሚጎዳው ማስታመሙ አይደለም፤ መክበዱ ነው። ለመክበዱ ደግሞ ባልም፣ እኅትም፣ ጎረቤትም ድርሻ አለው። በቅፍርናሆም ያን ሽባ ሰው ወደ ጌታ ያደረሱት አራት ሰዎች ነበሩ፤ ጣራ ነድለው ያወረዱትም አራቱ ናቸው። በእኔ ቤት ቃሬዛውን የያዘችው አንዲት ሴት ነበረች፤ እኔ ወንጌሉን አነብ ነበር።

በሌላ ከተማ ለምትኖረው እኅቴ ደወልሁላት። «ወንድምዬ፣ እስከ ዛሬ ለምን ሳትነግረኝ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? የእናትን ሕመም ለሰው ማውራት ነውር መስሎኝ ነበር፤ ከልጇ ሳይቀር ደብቄዋለሁ። በሳምንቱ መጥታ አንድ ወር ሙሉ ተቀመጠች። የእድራችን ሴቶችም በሰሙ ጊዜ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተራ ገቡ። እነርሱ እኮ ከዚያ በፊትም መምጣታቸውን አላቋረጡም፤ ይሁን እንጂ በጠያቂነት ነበር የሚመጡት፤ ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ቡና ይቈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ ሲኒ ይታጠባል። ባለቤቴ ከሚጠይቋት ሰዎች የተነሣ ሌላ ሥራ ይጨመርላት ነበር። አሁን ግን ሲመጡ እርሷን ወደ መኝታ ቤት አስገብተው በሩን ይዘጉባታል፤ ቡናውንም ራሳቸው ያፈላሉ። ሌሊቱን ከእሑድ እስከ ረቡዕ እኔ ወሰድሁ፤ ሦስቱን እርሷ።

ቁስሉ በሦስተኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ከዚህ የተነሣ ዳነ ብዬ ግን ልምል አልችልም። ነርሷ ቅባት ሰጥታት ነበር፤ አንሶላውንም እኅቴ ስታጥብ ውኃ አልነካውም፤ ምናልባትም ጊዜው ደርሶ ይሆናል። አንድ ቁስል ጥናት አይባልም። ዛሬ በክንዷ ላይ ከቀረው ቆዳዋ ነጣ ያለ ምልክት ብቻ ነው፤ እኔ ግን ማዕድ ስታቀርብ ዐይኔ ከእርሱ ላይ አይነሣም።

የሌሊቱ ሥራ እንዳሰብሁት ቀላል አልሆነልኝም። እናቴ የእኔን ስም ከረሳች ቆይታለች፤ በሰባት ሰዓት ስትነሣ የሟች ወንድሟን መልክ ነው የምታይብኝ። «ላሚቱን አለብሃት ወይ?» ትለኛለች። «አልቤአለሁ» እላታለሁ። «ጥጃውስ?» ትላለች። ለጥጃው መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። ከዚያ አብረን ተቀምጠን የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እኔ በንባብ ስል፣ የልጇን ስም ያጣችው እናቴ አንዳንዱን ቃል ቀድማኝ ትላለች፤ አንዳንዴም ስሳሳት ታርመኛለች። ጧት ተነሥቼ ወደ ክፍል ስገባ እጄ ጠመኔ ይዞ ሳለ ዐይኔ ይከደናል።

ይህን ተራ ከጀመርሁ ወዲህ ጉንፋን ሁለት ጊዜ ይዞኛል። ሁለተኛው ጊዜ ሲያስነጥሰኝ ባለቤቴ ትኩስ ነገር ይዛልኝ መጣችና፣ «ስንት በመቶ ነበር ያልኸኝ?» ብላ ሣቀች። ሣቋ ወደ ልቅሶ አልተለወጠም።